ዳውላታባድ በአመሩድ

ዛሬ ጠዋት አካፋ አስፋልት ሲፍቅ ሰምቼ ነቃሁ። ቫክትመስተሩ ነው፤ ሕንፃውን የሚጠብቀው ሰውዬ፣ በረዶ በጣለ ቁጥር ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚነሳ። አንቺ ኦስሎ ከመጣሽ ገና ጥቂት ጊዜ ስለሆነ ያ ድምፅ ምንም አይልሽም። እኔን ግን የብረቱ ፍቀት በመስኮቱ ገብቶ ጥርሴ ሥር ይቀመጣል። ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮዬ ሳብኩ፤ ወዲያው እርጥብ የሱፍ ጓንት ሸተተኝ፣ ቀጥሎ ደም ሸተተኝ። ደም ብርድ ላይ ሲፈስ ሽታው የአሮጌ ሳንቲም ነው። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር።

ያኔ የምንኖረው አመሩድ የሚባል የኦስሎ ሰፈር ነበር፣ ከረጃጅሞቹ ብሎኮች በአንዱ። ከእኛ ሥር ባለው ፎቅ አንድ የሕንድ ቤተሰብ ነበር፤ ልጃቸው ጓደኛዬ ነበረች። ጓደኛዬ ስልሽ ከብዙዎቹ አንዷ ማለቴ አይደለም፤ ሌላ አልነበረኝም። ቶሎ እቆጣለሁ፣ ከተቆጣሁ ደግሞ እማታለሁ፤ ስለዚህ ክፍል ውስጥ አጠገቤ ያለው ወንበር ሁልጊዜ ባዶ ነበር። እሷ አንድ ቀን መጥታ ቁጭ አለችበት። «ከመታሽኝ እመታሻለሁ» አለችኝ፤ በዚያው ቀረች። የማወራሽ ስለ ምሽግ ነው፤ ግን ምሽጉ ሰበብ ነው፣ ነገሩ እሷ ናት።

የአያቷ ከተማ ሕንድ ውስጥ፣ ዳውላታባድ የሚባል ጥንታዊ ምሽግ አጠገብ ነው። ሌላው ልጅ ስለ እግር ኳስ እንደሚያወራው እሷ ስለዚያ ምሽግ ታወራ ነበር። ምሽጉ ያለው ሜዳ ላይ ብቻውን በቆመ ተራራ ላይ ነው። የጥንቶቹ ነገሥታት የተራራውን ወገብ ዙሪያውን አስጠርበው እንደ ግድግዳ ቀጥ አድርገውታል፤ እንኳን ሰው ዝንጀሮም እግሩን የሚያሳርፍበት የለው። ከግድግዳው ሥር አለቱን ፈልፍለው ጥልቅ ቦይ አወጡ፣ መሻገሪያውን አንድ ጠባብ ድልድይ ብቻ አደረጉት። ከዚያ ውጭ ደግሞ ግንብ፣ ከግንቡ ውጭ ሌላ ግንብ። በሮቹ ላይ የጠላት ዝሆን በግንባሩ ገፍቶ እንዳይሰብራቸው ረጃጅም የብረት ሹሎች ተተክለዋል። ከበሮቹ ፊት ያለው መንገድም ጠመዝማዛ ነው፤ ዝሆን ሳይንደረደር ጉልበት የለውማ። ይህን ስትነግረኝ ግንባሯን በመዳፏ ትመታ ነበር። «ሹሉ እዚህ ይገባል፣ እዚህ! ከዚያ ዝሆኑ ያብድና ወደ ኋላ ዞሮ የራሱን ወታደሮች ይጨፈልቃል።»

ከሁሉ የምትወደው ግን ጨለማውን መተላለፊያ ነበር። ድልድዩን የተሻገረ ጠላት ወደ ላይ የሚወጣበት ሌላ መንገድ የለውም፤ አለቱ ሆድ ውስጥ የተፈለፈለ ዋሻ ነው፣ ጠመዝማዛ፣ ፀሐይ የማያውቀው፣ የሌሊት ወፍ የሞላበት። አንድ ቦታ ላይ ለሁለት ይከፈልና ወደፊት መልሶ ይገጥማል። ጠላት ተከፋፍሎ ይገባል፤ መጋጠሚያው ላይ በጨለማ ሲገናኝ ባላንጣውን ያገኘ መስሎት እርስ በርሱ ይተራረዳል። ብርሃን አይቶ የሮጠ ሰው መስኮቱን መውጫ ብሎት ቦዩ ውስጥ ይወድቃል። ከዚህ ሁሉ ያመለጠውን ላይኛው መውጫ ላይ እሳት ይጠብቀዋል፣ ጭሱ ወደ ታች እየተለቀቀ ያፍነዋል። አስጎብኚው ለአያቷ ነገራቸው፣ አያቷ ለሷ፣ እሷ ለእኔ። ምን ያህሉ እውነት እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን የእያንዳንዱን ሬሳ ፊት አይቼዋለሁ።

ከብሎኮቹ ጀርባ ልጆች በበረዶ የሚንሸራተቱበት ኮረብታ ነበር። በዚያ ዓመት ከላይኛው ብሎክ የመጡ ወንዶች ያዙት። አለቃቸው ቀይ ኮፍያ የማይለየው፣ በዕድሜም በቁመትም የሚበልጠን ልጅ ነበር። በረዶውን ጠፍጥፈው ውኃ ውስጥ ይነክሩትና በረንዳ ላይ አሳድረው ድንጋይ ያደርጉታል፣ በማግስቱ በዚያ ይወግሩናል። ታናሽ ወንድሜ አንደኛ ክፍል ነበር። አንድ ቀን ከኮረብታው ሲመጣ አፉን በጓንቱ ይዞታል፤ ጓንቱን ገለጥ ሳደርገው የፊት ጥርሱ መዳፌ ላይ ወደቀ። አላለቀሰም። አለማልቀሱ ነው አንጀቴን የበላው።

ደሜ ፈላ፣ ሄድኩ፣ ተማታሁ። ቀይ ኮፍያው ፊቴን በረዶ ውስጥ ቀብሮ ጀርባዬ ላይ ቁጭ አለ፤ ጓደኞቹ እየሳቁ አንገቴ ውስጥ በረዶ ይጠቀጥቃሉ። ትንፋሼ ሊቆም ሲል ተነሳልኝ። ጓደኛዬ መጥታ አነሳችኝ፣ ፊቴን በሻርፗ ጠረገችልኝ። «ኔይ» አለች፣ አይ እንደማለት ራሷን እየነቀነቀች፤ «እንዲህ አይሆንም። እነሱ ብዙ ናቸው። ዳውላታባድን እንሥራ።»

ኮረብታው ግርጌ፣ መኪና ማቆሚያው ዳር፣ በረዶ ጠራጊው መኪና የከመረው ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቁልል ነበር፣ ቀን ቀልጦ ማታ እየረጋ እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ። እሷ መሐንዲስ ሆነች፣ እኔ ጉልበት። ከአባቷ መኪና ታጣፊ የብረት አካፋ አመጣች፤ ጫፉ የተሳለ፣ አረንጓዴ፣ ወታደራዊ ነገር። ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ቀጥ አድርገን ጠረብነውና ውኃ እያፈሰስን መስታወት አደረግነው። ከሥሩ ቦይ ቆፈርን። መግቢያውን ጠማማ አደረግነው፣ ማንም ሮጦ እንዳይገባ። በሩ ላይ የተሰባበሩ የበረዶ መንሸራተቻ ዘንጎችን ሹላቸውን ወደ ውጭ አድርገን አቆምን። ከቁልሉ ሆድ ውስጥ ደግሞ ዋሻውን አወጣን፤ ለሁለት ተከፍሎ መልሶ የሚገጥም፣ በደረት የሚሳቡበት፣ እጅን ከዓይን ፊት ቢያመጡት የማይታይበት። መጋጠሚያው ላይ ቁጢጥ ብላ የተቀመጠች ለት ከውስጥ ስትስቅ ድምፅዋ ከሁለቱም አፍ ወጣ። እንዲያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

አባቴ ወታደር ነበር፤ ስለዚያ ዘመን ግን አይናገርም። ከጽዳት ሥራው ሲመለስ አይቶን ጎንበስ ብሎ ዋሻውን ተመለከተ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ምሽግ» አልኩት።

«ምሽግማ አውቃለሁ» አለ። ከዚያ «እኔ ከገባሁበት የወጣነው ስንት ነን መሰለሽ? አፍርሱት» ብሎኝ ወደ ቤት ገባ። ጓደኛዬ ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ፤ ጎበዞች ናችሁ አለ አልኳት።

መጀመሪያ ላይ አሸነፍን። የብሎካችንን ትንንሽ ልጆች ከላይ አሰልፈን ወንዶቹ ሲመጡብን የበረዶ ኳስ እናዘንብባቸዋለን፤ እነሱ ግድግዳው ላይ ሲንጠላጠሉ እየተንሸራተቱ ቦዩ ውስጥ ይወድቃሉ። አንዱ በሩን በትከሻው ሊሰብር ተንደርድሮ መጣ፣ መታጠፊያው ላይ አዳለጠውና ዘንጉ ጃኬቱን ቀዶ ብብቱ ሥር ገባ። ጩኸቱ ከብሎክ ብሎክ አስተጋባ። እኛ ላይ ሆነን ጨፈርን። ዛሬ አፍርበታለሁ፤ ያን ቀን ግን ከዚያ ጩኸት የጣፈጠ ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ጨው መጣ። መንገዱ ዳር ቫክትመስተሩ በረዶ የሚያቀልጥበት ጨው የሚቀመጥበት ቢጫ ሣጥን ነበር። ወንዶቹ እኛ ትምህርት ቤት ሳለን በከረጢት እየዛቁ ግድግዳው ላይ ነሰነሱት። ስንመለስ መስታወት ያልነው ግድግዳ እንደ ረጠበ ዳቦ እየፈረሰ ነው፤ ቦዩ በድፍርስ ውኃ ተሞልቷል። እኔ ልጮህ ስል እሷ መሳቅ ጀመረች፣ እንባዋ እስኪፈስ።

«በጨው! አየሽ? ያኛውም እኮ በጨው ነው የወደቀው!»

እያቋረጠች እየሳቀች ነገረችኝ። የዴልሂ ጦር ድንገት ሲመጣ ንጉሡ ነጋዴዎች ጥለውት የሸሹትን ጆንያ እህል ነው ብሎ ወደ ምሽጉ አስገባ። በሩን ዘጋ፣ ማንም ሊሰብረው አልቻለም። ረሃብ ሲመጣ ጆንያው ሲፈታ ጨው ሆኖ ተገኘ። ሰው ሊሰብረው ያልቻለው ምሽግ እጁን ሰጠ። እኔ አልሳቅኩም፤ የወንድሜ ጥርስ ነበር በዓይኔ ላይ ያለው። እሷም ሳቋን ዋጥ አድርጋ አካፋውን አነሳች። «የቀረን ዋሻው ነው። መጋጠሚያው ላይ እኔ እሆናለሁ። ከናንተ ማንም እንዳይገባ፤ እዚያ ውስጥ የሚመጣብኝ ሁሉ ጠላት ነው።»

በዚያው ከሰዓት በኋላ መጡ። አንቺም እንዳየሽው እዚህ አገር በበረዶው ወራት ገና ከትምህርት ቤት እንደተመለሱ ይመሻል፤ የመኪና ማቆሚያው አምፖል በርቶ በረዶው ቢጫ ሆኗል። ግድግዳውን በእግራቸው ረግጠው አፈረሱት። የበረዶ ድንጋይ አገጬን መታኝ፣ ምላሴን ነከስኩ፣ አፌ በደም ተሞላ። አንዱን እጁን ነከስኩት፣ ሌላው ፀጉሬን ይዞ ግንባሬን ከበረዶው ጋር አጋጨው። ትንንሾቹ እያለቀሱ ተበተኑ። ዞር ስል ቀይ ኮፍያው ወንድሜን እግሩን ይዞ እየጎተተው ነው። ወንድሜ ጫማውን እጁ ላይ ትቶለት አመለጠና በካልሲው ሮጦ ዋሻው ውስጥ ገባ። ሌላ ልጅ ተከትሎት ገባ።

ያኔ የምሽጉ ሕግ ከጭንቅላቴ ጠፋ። በሌላኛው አፍ በደረቴ ገባሁ። ጨለማ ነው። የራሴን ትንፋሽ ብቻ ነው የምሰማው፤ ከፊቴ የሆነ ቦታ የልጅ ልቅሶ አለ። በኋላ እንደሰማሁት ወንድሜ እሷ ጋ ደርሶ ነበር፣ በአንድ እጇ ይዛው ነበር፤ ያባረረው ልጅ ጨለማውን ፈርቶ ተመልሷል። እሷ ግን የሰማችው ከወዲህ በኩል እየተሳበ የሚመጣ ትንፋሽ ነው። ስሟን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። የደረሰብኝን አላየሁትም። ዝም ብሎ ግራ ዓይኔ ውስጥ አንድ ነጭ ነገር ፈነዳ።

ጩኸቴን አወቀችውና አካፋውን ጣለችው። ከዚያ በኋላ የጮኸችው እሷ ናት። ጎትተው ሲያወጡኝ በረዶው ላይ የሚንጠባጠበው ደም እንፋሎት ነበረው። የተሸከመኝ ማን መሰለሽ? ቀይ ኮፍያው። ኮፍያውን አውልቆ ዓይኔ ላይ ጫነውና እንደ ሕፃን አቅፎኝ እስከ በራችን ሮጠ፤ «አትሙቺ፣ አትሙቺ» እያለ ያለቅስ ነበር። እሷ ከኋላ እየሮጠች ስትመጣ ይሰማኛል። አሳንሰሩ በፊቷ ተዘጋ።

ሐኪሞቹ ዓይኑን አተረፉት፣ ብርሃኑን ግን አላተረፉትም። ከሆስፒታል ስመለስ የጠየቅሁት እሷን ነው። ክፍላችን ውስጥ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ አባቷ ሌላ ትምህርት ቤት አስገብተዋታል።

አባቴ ሽማግሌ ይጠብቅ ነበር። ቤቱን አስጠረገ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ቁጭ ይላል።

«ሕንዶች እኮ ናቸው» ትለዋለች እናቴ፤ «በምን ያውቁታል?»

«ደም የትም አገር ደም ነው። ልጁ ደም ያፈሰሰችበት አባት የተጎጂውን ደጅ ይጠናል። ይምጡ ብቻ፤ አንድ ቃል አላስጨርሳቸውም፣ ይቅር ለእግዚአብሔር እላለሁ።»

«ታዲያ ይቅር ማለትህ ካልቀረ ለምን አንተ አትወርድም?»

«የተበደለ ወርዶ ነው የሚታረቀው?»

ከኮሙኑ፣ ከከተማው አስተዳደር ማለት ነው፣ የመጣች ሴትዮ ሁለቱን ቤተሰብ ቢሮዋ ላገናኝ አለች። አባቴ እምቢ አለ፤ በቀጠሮ ተጠርቶ የሚመጣ ሰው ከልቡ አልመጣም ብሎ። እኔን ደግሞ እንዳትወርጂ አለኝ፣ ለዕርቅ የሚመጡበትን መንገድ ታበላሺባቸዋለሽ ብሎ። አንድ ጊዜ ተደብቄ ወረድኩ። እናቷ ከፈተች፤ የዓይኔን ፋሻ አየች፣ በሻሿ አፏን ሸፍና በሩን መልሳ ዘጋችው። ከውስጥ የአባቷ ቁጣ ተሰማ፣ የሆነ ብርጭቆ ነገር ተሰበረ፣ ከዚያ የጓደኛዬ ልቅሶ። በሩን በቡጢዬ ደበደብኩት። ማንም አልከፈተም።

ደረጃ ላይ አባቷን ስናገኛቸው ዓይናቸውን ይሰብራሉ። መኪናቸውን አቁመው እኛ እስክንገባ ውስጥ ሆነው ይጠብቃሉ። አባቴ ይህን ንቀት አለው። ቁልሉ ቀልጦ፣ ጠቁሮ፣ የዘንግ ስብርባሪ ብቻ እስኪቀር ድረስ እንደዚያው ሆነን ቆየን።

አንድ ቅዳሜ በራችን ላይ የጭነት መኪና ቆመ። እነሱ ስታቫንገር ወደሚባል ሌላ ከተማ ሊዛወሩ ነው። አባቴ ቆሻሻ ሊጥል ወርዶ አባቷን ደረጃው መታጠፊያ ላይ ከቁም ሣጥን ጋር ብቻቸውን ሲታገሉ አገኛቸው። የቆሻሻውን ከረጢት አስቀምጦ የታችኛውን ጫፍ ያዘ። ተሸክመው ሲወርዱ «ቀስ»፣ «ወደ ቀኝ» ከመባባል በቀር አልተነጋገሩም። ታች ሲያሳርፉት ነው ሰውየው የተናገሩት። እኛ እንድንጠራቸው ሲጠብቁ ከርመዋል። «እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን የእኛን ፊት ማየት አልፈልግም ነበር። ሳትጠሩን መምጣት ቁስል መንካት መሰለኝ።» አባቴ ቁም ሣጥኑን ተደግፎ ቆመ። «በሕይወቴ እንደዚያ ሲደነግጥ አይቼው አላውቅም» ብላኛለች እናቴ፤ በመስኮት ታያቸው ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ ስሜን ጮኾ ጠራ። «ውረጂ! ቶሎ ውረጂ!»

በቤት ጫማ ሮጥኩ። ሰውየውና አባቴ ትከሻ ለትከሻ ተሳስመው ቆመዋል። እኔ የምፈልገው እሷን ነው። መግቢያው ላይ ዓይኔን ተክዬ ስጠብቅ፣ እሷ ለካ ከመኪናው ኋላ ነበረች። በግራዬ መጣች። እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች።

ዘለልኩ። በዚያ በኩል የሚነካኝ ሁሉ ዛሬም ያስዘልለኛል፣ እናቴም ብትሆን። ክንዴን አንስቼ ፊቴን ሸፈንኩ። ስዞር እጇ አየር ላይ ነው፣ ፊቷ ነጭ ሆኗል። «ይቅርታ» አለች፣ እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። «ኔይ፣ ኔይ፣ አላየሁሽም እኮ!» አልኩ፤ ግን እያለቀስኩ ስለነበር ቃሉ አልወጣልኝም። አባቷ ሲጠሯት ሮጣ መኪናው ውስጥ ገባች። መስታወቱን በመዳፌ መታሁት። ጭንቅላቷን ነቀነቀችልኝ፣ ገብቶኛል እንደማለት። አልገባትም ነበር።

ባለፈው ዓመት ስልኬ ላይ ፈልጌ አገኘኋት። ልጆች አሏት። ስንቴ ጽፌ አጠፋሁ፤ በመጨረሻ «ያን ቀን ፈርቼሽ አይደለም፣ በማይታየኝ በኩል ስለመጣሽ ነው» ብዬ ላክሁላት። ማታውኑ መለሰች። «አንቺ ሁሌም ደግ ነበርሽ» ይላል፣ ከሥሩ ቀይ ልብ።

ደግ! እኔ! እናቴ እንኳ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ደግነት አይደለም፣ እውነቱን ነው ብዬ ደግሜ ጻፍኩ። «አውቃለሁ፣ አመሰግናለሁ» አለችኝ፤ የማጽናናት መስሏታል። ከዚያ ወዲያ ምን ልበላት? አንቺ ታምኚኛለሽ አይደል? በግራዬ ነበረች። አላየኋትም።